ጎንደር ላይ ለዓመታት የተቀመጠ የግድያ መዝገብ እንዴት ይነሣል?

ባለ መዝገቡ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄው በየቦታው ተበታትኖ ስለሚነሣ እዚህ እንሰብስበው። ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ ወይም ታውቆ ሳይያዝ 10 እና 20 ዓመት ያለፈው ቤተሰብ ከየት ይጀምራል? ብዙ ሰው "ዲኤንኤ ቢኖር ኖሮ" ይልና እዚያው ይቀራል። መዝገብ ግን ላብራቶሪ አጥቶ ከሚሞተው ይልቅ ወረቀቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አጥቶ የሚሞተው ይበዛል። ስለዚህ ከመዝገብ ቤት እንነሣ።

መጀመሪያ ወንጀሉ በተፈጸመበት ዓመት ቦታው በማን ሥር እንደነበር አጣሩ። ከ2010 ዓ.ም. በፊት ደባርቅም መተማም ደምቢያም አንድ ሰሜን ጎንደር ዞን ነበሩ፤ መቀመጫው ጎንደር ከተማ ነበር። ዞኑ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ሆኖ ሲከፈል የድሮው ወረቀት ሁሉ ተከትሎ ሄዷል ብላችሁ እንዳታስቡ። የምዕራብ ጎንደር መቀመጫ ገንዳ ውሃ ላይ "እኛ ጋ የለም" ብትባሉ ጎንደር ከተማ ሳትጠይቁ ወደ ቤታችሁ አትመለሱ። ከተማው ውስጥም ያው ነው። ዛሬ ማራኪ፣ ዞብል፣ ጃንተከል፣ አራዳ፣ ፋሲል፣ አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ የምንለው በድሮ ወረቀት ላይ በቀበሌ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው። የደርግ ጊዜ ከሆነ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ እያላችሁ ትፈልጋላችሁ።

ቀጥሎ ቁጥር ነው። ለአንድ ግድያ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊኖሩ ይችላሉ፦ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር፣ የዐቃቤ ሕግ ቁጥር፣ የፍርድ ቤት ቁጥር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመራችኋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጊዜ ቀጠሮ መዝገብን ነው። በዚያን ጊዜ ተጠርጥሮ ከ48 ሰዓት በላይ የታሰረ ሰው ካለ ፖሊስ ፍርድ ቤት አቅርቦ ቀጠሮ ጠይቆበታል ማለት ነው። ክስ ባይመሠረትም እንኳ ፍርድ ቤቱ ዘንድ የተጠርጣሪው ስም፣ ቀኑና የምርመራው ጭብጥ ያለበት ወረቀት ይኖራል። የፖሊስ ፋይል የተቃጠለበት ወይም አይጥ የበላው ቤተሰብ በዚህ በኩል ይግባ።

ሦስተኛው ስም ነው፤ ይኼ ብዙ ሰው ያስመልሳል። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ሥዩምና ስዩም፤ ፀሐይና ጸሀይ፤ ዓለሙና አለሙ። በእጅ የተጻፈ መዝገብ በፊደል ተራ ሲደረደር "ኃ" እና "ሀ" የተለያየ ገጽ ላይ ናቸው። ስሙን በሚቻለው ፊደል ሁሉ ጽፋችሁ ሂዱ። የአያት ስም፣ ቅጽል ስም፣ የክርስትና ስምም ጨምሩ፤ ሆስፒታል በአንዱ፣ ፖሊስ በሌላው መዝግቦት ሊሆን ይችላል።

ቀሃ ዳር፦

ባለ መዝገቡ ጥሩ ጀምረኸዋል። ከመንግሥት ወረቀት ውጭ ያለውን ልጨምር። የእድር መዝገብ አለ፤ ቀን፣ የሟች ስም፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ማን ተረከበ የሚለው ሁሉ ይጻፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ፍትሐት ያደረሱት ካህናት ባይጽፉም ያስታውሳሉ። ሆስፒታል ከሄደ የካርድ ቁጥሩን የያዘች ትንሽ ወረቀት የሟች እናት ሙዳይ ውስጥ ወይም መጽሐፍ ቅዱስ መሐል ትገኛለች። እሷን ሳትፈልጉ "ካርዱ ጠፍቷል" አትበሉ።

ትልቁ ስህተት ያለው ቀን ላይ ነው። ምስክር ወሩንና ቀኑን በቁጥር አያስታውስም፤ "የሚካኤል ማግስት"፣ "ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ" ይላል። ይህ ከቁጥር የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27 ናቸውና። ወሩን ደግሞ በሥራ ያስታውሱታል፦ ሰሊጥ አጨዳ፣ ጤፍ ውቂያ፣ ጾመ ፍልሰታ። ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሰው ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን አይስትም። ሁለቱን ስታጋጥሙ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ የዋለ የጊዮርጊስ ቀን ስትሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚቀሩት አንድ ወይም ሁለት ቀኖች ብቻ ይሆናሉ።

ሌሊቱንም ጠይቁ። "ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ሲል የማክሰኞ ማታ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? አንድ ሙሉ ቀን ልዩነት አለው። ቃል ሲሰጥ "ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብሎ ካልተጻፈ የስልክ ወይም የካሜራ መረጃ ሲመጣ ምስክሩ ውሸታም ይመስላል። መሣሪያው 02:00 ይላል፤ ሰውየው 8 ይላል።

ሕግ ነክ፦

ቀሃ ዳር ባልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ስትመልሱ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 የሚካፈል ከሆነ (1992፣ 1996፣ 2000፣ 2004 እያለ) መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይገፋል። የአንድ ቀን ስህተት ደግሞ "በዚያን ቀን ሌላ ከተማ ነበርኩ" የሚል ተጠርጣሪን ነጻ ሊያወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብ ወደሚችልበት የጊዜ ገደብ። "20 ዓመት አልፎታል፣ አበቃ" ብሎ ቤተሰብን መመለስ ልክ አይደለም። ጉዳዩ በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ ነው የሚወስነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ (ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ነው) አንቀጽ 539፣ ከባድ የግፍ አገዳደል፣ እድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፤ ይርጋው 25 ዓመት ነው። አንቀጽ 540፣ ተራ ግድያ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ይርጋው 20 ዓመት። አንቀጽ 541 ቀላል ግድያ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ስለሆነ ይርጋው 5 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ አድብቶ መግደሉን፣ ታስቦበትና ተዘጋጅቶ መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ ለፍርዱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ መዝገቡ በሕይወት መኖሩም በዚያ ይወሰናል። አስቀድሞ ጥይት መግዛቱን የሚናገር አንድ ምስክር 5 ዓመት ሊጨምርላችሁ ይችላል።

ይርጋ ይቋረጣልም። መያዣ ሲወጣ፣ ብርበራ ሲደረግ፣ በዚያው ጉዳይ ሌላ የምርመራ ተግባር ሲፈጸም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቢበዛ ግን ከመደበኛው ጊዜ እጥፍ አያልፍም። የጊዜ ቀጠሮው ወረቀት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ መቼ እንደተቋረጠ በቀኑ ያሳያል። ከግንቦት 1997 በፊት ለተፈጸመ ድርጊት በጊዜው የነበረው የ1949ኙ ሕግም ይታያል፤ ለተከሳሹ የሚቀለው ይወሰዳል።

"አያስከስስም ተብሎ ተዘግቷል" የሚለውም በር የሚዘጋ አይደለም። ማስረጃ አንሶ የተዘጋ መዝገብ ፍርድ አላገኘም፤ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ይከፈታል። የማይከፈተው ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ በመጨረሻ ፍርድ በነጻ የተለቀቀበት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መክሰስን ይከለክላል። ለዚህ ነው ሳይበስል ክስ እንዲመሠረት መገፋፋት አደጋ የሚሆነው። ደካማ ማስረጃ ይዞ ቀርቦ በነጻ ከተለቀቀ በኋላ ዋናው ምስክር ቢገኝ ምንም ማድረግ አይቻልም።

የወገራው፦

ሕግ ነክ፣ ጠፍቶ ሱዳን የገባውስ? በመተማ በኩል የሄደው ብዙ ነው።

ሕግ ነክ፦

ወንድሜ፣ በሌለበት ሊታይ ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 161 ከ12 ዓመት ያላነሰ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ይፈቅዳል፤ ከባድ ግድያ ያለ ጥርጥር ይገባል፣ ተራ ግድያ ላይ ግን ያከራክራል። ጥሪው በጋዜጣ መውጣት አለበት። ጥቅሙ ምስክሮች በሕይወት እያሉ፣ አእምሯቸው ሳይደክም ቃላቸው ፍርድ ቤት ውስጥ መግባቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ፍርደኛው ሲመለስ በአግባቡ እንዳልተጠራ አሳይቶ ፍርዱ እንዲነሣለት ሊጠይቅ መቻሉ ነው። የጥሪው ማስረጃ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ መቀመጡን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ምስክሩ ሸምግሎ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ፤ ቀዳሚ ምርመራ፣ አንቀጽ 80 እና ተከታዮቹ። በቀዳሚ ምርመራ ዳኛ ፊት የሰጠው ቃል ምስክሩ ቢሞት ወይም ቢጠፋ በዋናው ክርክር ላይ ሊነበብ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ የሰጠው ቃል ይህ ዋጋ የለውም። የ80 ዓመት ሽማግሌ ብቸኛ የዓይን ምስክር ከሆኑ ዐቃቤ ሕጉን ይህን በጽሑፍ ጠይቁት።

የወገራው፦

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ እኔ ስለ እርቁ ልናገር፤ በእኛ አገር ብዙ መዝገብ የሚደርቀው በዚህ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ ደመኞቹ ይታረቃሉ። ደም መላሽነትን ያስቀራልና ዋጋው ትልቅ ነው፤ የሚያቃልለው ሰው ቢኖር አልስማማም። ነገር ግን ግድያ በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለምና እርቁ ክሱን አያስቀርም። የሚያስቀረው ምስክሮቹን ነው። ከእርቁ በኋላ ምስክር ሁሉ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ይላል፤ ቃለ መሐላ ገብቶበታልና ውሸት መናገሩ ሳይሆን እርቅ መጠበቁ ነው የሚመስለው።

የድሮ መዝገብ የሚያነሣ ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ይሁን፦ እርቅ ነበረ ወይ? በስንት ዓመተ ምሕረት? ሽማግሌዎቹ እነማን ነበሩ? ውሉ ተጽፏል ወይ? የተጻፈ ከሆነ ማን በማን ስም ከፈለ የሚለው አቅጣጫ ያሳያል። ነገር ግን ለወንድሙ ወይም ለአጎቱ ልጅ የከፈለ ሰው ገዳይ ነው ማለት አይደለም፤ ካሳ በዘር ይዋጣል።

አውጫጭኝም ያው ነው። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ "ወፍ" የሚባለው ስሙ ሳይገለጥ የሚያውቀውን ለሽማግሌዎች ሹክ የሚልበት ሥርዓት በአባቶቻችን ዘመን ብዙ ሌባና ነፍሰ ገዳይ አውጥቷል። የወፍ ቃል ግን ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ማን እንዳለው አይታወቅምና መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠየቅ አይችልም። አሮጌ የፖሊስ ፋይል ውስጥ "ከሕዝብ በተገኘ ጥቆማ" የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ ከጀርባው ወፍ ሊኖር ይችላል። ጠቃሚው ጥያቄ ወፉ ይህን ከየት አወቀው የሚለው ነው። ወፉ አይቶ ከሆነ፣ አብሮት ያየ ሌላ ሰው ይኖራል።

ዘአቡሻኸር፦

ቀሃ ዳር ስለ ቀን ስታነሣ ጨረቃን ረሳሃት። "በጨረቃ ብርሃን ፊቱን አይቼ ለየሁት" የሚል ቃል በድሮ መዝገብ ሞልቷል፤ ጨረቃ መኖሯን ግን ያጣራ መርማሪ ጥቂት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ ማንም የአቡሻኸር ተማሪ በአፍታ ያወጣዋል፦ የዓመቱ አበቅቴ (ለየዓመቱ የሚወጣው የጨረቃ ቁጥር)፣ የወሩ ሕጸጽ (ለየወሩ የሚጨመረው ቁጥር) እና ቀኑ ተደምሮ ከ30 በላይ ከሆነ 30 ይቀነሳል፤ የቀረው የጨረቃዋ ዕድሜ በቀን ነው። ሕጸጹ ለመስከረምና ጥቅምት 1፣ ለኅዳርና ታኅሣሥ 2፣ ለጥርና የካቲት 3፣ ለመጋቢትና ሚያዝያ 4፣ ለግንቦትና ሰኔ 5፣ ለሐምሌና ነሐሴ 6 ነው።

ላብራቶሪ፦

ዘአቡሻኸር፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አንድ ማረሚያ ግን የግድ ይፈልጋል። የባሕረ ሐሳቡ ጨረቃ ዛሬ ከሰማዩ ጨረቃ 4 ወይም 5 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ስሌቱ በብዙ መቶ ዓመታት ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት ነው። በምሳሌ እንየው። የ1992 አበቅቴ 25 ነው። ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፦ 25 ሲደመር 3 ሲደመር 11 እኩል ይሆናል 39፤ 30 ሲቀነስ 9። በስሌቱ ብቻ ብትሄዱ ጨረቃዋ ግማሽ ያለፈች ነች ትላላችሁ። ሰማይ ላይ ግን በዚያ ሌሊት ሙሉ ነበረች። 9 ላይ 5 ስትጨምሩ 14 ይመጣል፤ ልክ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አውጡና 5 ጨምሩበት፤ የአንድ ቀን ልዩነት ቢኖረው ለዚህ ሥራ አይጎዳም።

ከዚያ የመውጫዋን ሰዓት አስቡ። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በሰማይ 20ኛ ቀኗ ላይ ከሆነች ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አትወጣም። ምስክሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት በጨረቃ ለየሁት ካለ አንድም ሰዓቱ፣ አንድም ቀኑ፣ አንድም መለየቱ ስህተት ነው። ጎንደር በተራራ የተከበበች ናትና ከሸንተረሩ በላይ ብቅ ለማለት ተጨማሪ ጊዜ ይወስድባታል። ጥያቄውን ሄዳችሁ ቦታው ላይ ቆማችሁ ጠይቁ።

አሁን ስለ ኤግዚቢት፣ ማለትም ለማስረጃ ስለተያዘ ዕቃ። የቆየ ዕቃ ሲገኝ በአብዛኛው በፌስታል ታስሮ ነው የሚገኘው፤ ያ ነው የሚያጠፋው። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ይወልዳል፣ ሻጋታው ደም ውስጥ ያለውን ዘር መለያ (ዲኤንኤ) ይበላዋል። ደም የነካው ልብስ ጥላ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ አይታጠብም፣ አይተኮስም። ሲደርቅ ደሙ ከደሙ እንዳይነካካ መሐሉ ላይ ወረቀት እየገባ ይታጠፍና በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። አንድ ከረጢት ለአንድ ልብስ። ሸሚዝና ሱሪ አንድ ላይ ከታሰሩ የማን ደም የት እንደነበረ አይታወቅም። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ርክክቡ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ከሌለ ዕቃው ጥሩ ሆኖ እያለ ፍርድ ቤት ላይ ይወድቃል።

የተኩስ ግድያ ከሆነ ቀለሃው ከጥይቱ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ቂጡ ላይ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ቁጥርና የተሠራበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ተመትቷል። 83 ካለ ከ1975 ወይም 76 ዓ.ም. በፊት አልነበረም ማለት ነው። መሐሉ ላይ የመምቻው መርፌ ያሳረፈው ጎድጓዳ፣ ጠርዙ ላይ መንጠቆው የጫረው መስመር የጠመንጃው ፊርማ ናቸው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ የሚፈትግ ሰው ያንን ፊርማ ይፍቃል። በብረት ወረንጦም አይነሣ፤ በጣት ጓንት አድርጎ ከጎኑ ያዙት፣ በወረቀት ጠቅልሉት፣ በቃ። ለማወዳደር ግን ጠመንጃው ራሱ መገኘት አለበት። ክላሽ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ለጥሎሽ ይሰጣል። በዚያ ዓመት በማን እጅ እንደነበር ማጣራት ከአሁኑ ባለቤት ወደ ኋላ አንድ በአንድ መቁጠር ነው።

አይከል፦

ስለ አስከሬን ቦታ ማንም አላነሣም። ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የጠፋ የቀን ሠራተኛ ጉዳይ በመተማና በቋራ በኩል ብዙ ነው፤ አጥንት ተገኝቶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከፍታው ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። መተማ ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ገደማ ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ይበልጣል። ቆላ ላይ ሜዳ የቀረ አስከሬን በሁለትና ሦስት ሳምንት አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ደባርቅ ላይ ወራት ይፈጃል። "አጥንት ነውና የድሮ ነው" ብሎ ማኅደሩን የሚዘጋ ሰው የዚያው ዓመት ጠፊ ሊያመልጠው ይችላል።

ጅብ አለ። ጅብ የነከሰው አጥንት ጫፉ የተፈረከሰ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ የጥርስ ጎድጓዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። ገጀራ ወይም መጥረቢያ ያረፈበት ቀጥ ያለ ነው፤ ከቁርጡ አንዱ ግድግዳ ልስልስ ይላል። ስብራቱን ደግሞ በቀለሙ ለዩት። የስብራቱ ጠርዝ እንደ ቀሪው አጥንት የአፈር ቡኒ ቀለም ከያዘ ስብራቱ የቆየ ነው፤ ነጣ ብሎ ትኩስ ከሆነ ሲቆፈር የተሰበረ ነው። ቆፋሪው በዶማ የሰበረውን ራስ ቅል "በድንጋይ ተመቶ" ተብሎ እንዳይጻፍ።

መረሬ አፈር ሌላው ችግር ነው። ደምቢያም አዘዞም ዙሪያ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ቀለሃ፣ ቁልፍ፣ ጥርስ፣ የጣት አጥንት በስንጥቁ ይገባና ክረምት ሲያብጥ ከላይ ይዘጋበታል። አስከሬኑ ከተገኘበት ወለል በታች ሌላ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ሳይወርዱ "ሌላ ነገር የለም" ማለት አይቻልም። አፈሩ 10፣ 10 ሳንቲ ሜትር እየተላጠ ይነሣል፤ ሁሉም በወንፊት ይነፋል፣ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ። መረሬ እርጥብ ሆኖ በወንፊት አያልፍም፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይሻላል። ያኔ ሣሩም ገና አልደረቀም፤ የተቆፈረ ቦታ ላይ ሣሩ ከዙሪያው የተለየ ሆኖ ይታያል፣ መሬቱም ጎድጎድ ይላል።

እንጦጦ ማዶ፦

የቤተ ክርስቲያን መቃብር ላይ ከሆነስ? በዚያን ጊዜ ሳይመረመር ስለተቀበረ እንደገና ማውጣት የሚፈልጉ አሉ።

ላብራቶሪ፦

በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ራሱ ቢቆፍር ማስረጃውንም ያጠፋል፣ ራሱንም ያስጠይቃል። ከመቆፈሩ በፊት ካህናቱን ስለ መቃብሩ ጠይቁ፤ በአሮጌ ደብር መቃብር በመቃብር ላይ ነውና የሁለት ሰው አጥንት ሊቀላቀል ይችላል። ክርስቲያን በወግ ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ሜዳ ላይ የተገኘ አስከሬን ከዚህ የተለየ አቅጣጫ ካለው፣ ወይም ጉልበቱ ታጥፎ ከተጨመቀ፣ በችኮላ የተቀበረ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አቅጣጫው በኮምፓስ ይለካና ይጻፍ፤ ፎቶው ላይ ማስመሪያ ይኑር።

ከቀብር በኋላ ምን ይገኛል? ጥይት፣ የአጥንት ስብራት፣ ገመድ። ናይለን አይበሰብስም፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ታንቀው ከተገደሉት ሰዎች አጥንት ጋር ከዓመታት በኋላ የናይለን ገመዱ አብሮ ወጥቷል። የማይገኘው ደግሞ ሰንበር፣ መታፈን፣ ብዙ ዓይነት መርዝ ነው። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ በግልጽ መንገር ይገባል፤ አጥንት አውጥቶ ምንም ሳያገኙ መመለስ ሁለተኛ ለቅሶ ነው።

መንገድ ላይ ያለ ሰው፦

አሜሪካኖቹ በፈረንጅ 2018 በዘር ሐረግ መረጃ 40 ዓመት ያለፈውን ነፍሰ ገዳይ ይዘዋል። ለምን እዚህ አይሞከርም?

ላብራቶሪ፦

ያ ዘዴ የሚሠራው የገዳዩ የአጎት ልጅ ወይም የቅድመ አያት ወገን በፈቃዱ ምራቁን ልኮ መረጃ ቋት ውስጥ ካለ ነው። ከእኛ አገር ሰው እዚያ ያለው ጥቂት ነው። የሚገርመው ሁለተኛው ግማሽ ሥራ እዚህ ይቀላል፤ እነርሱ የዘር ዛፉን ከመዝገብ ቤት ወራት ፈጅቶ ይሠሩታል፣ በእኛ በኩል ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ በየቀበሌው አለ።

ለእኛ የሚጠቅመው ከወዲሁ የሚደረግ ነው። አጥንት ቢገኝ ከማን ጋር ይወዳደራል? የሟች እናትና አባት ሁለቱም ካሉ ምርጥ ነው፤ ልጆቹም ይሆናሉ። አጥንቱ በጣም ያረጀ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው፤ እናት፣ የእናት ወንድም፣ እህት፣ የእህት ልጅ ያስፈልጋሉ። የአባት ወንድም ለዚያ አይሆንም፤ እርሱ የሚጠቅመው ለወንድ ሟች በዋይ ክሮሞሶም ነው። እናትየዋ የ75 ዓመት ሴት ከሆኑ መጠበቅ አይገባም። ከአጥንቱ በኩል ጥሩዎቹ ያልተቦረቦረ መንጋጋ ጥርስ፣ የጭን አጥንት መሐሉ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለው ድንጋይ መሰል አጥንት ናቸው። በበረኪና አይታጠቡ።

ቀሃ ዳር፦

ስልክም አትርሱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ (958/2008) አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃ (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲይዝ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ። አዲስ ጉዳይ ከሆነ ፖሊሱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያወጣ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ጠይቁ። የሟች ስልክ ከጠፋ ካርቶኑን ፈልጉ፤ ጎኑ ላይ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር አለ፣ ሲም ቢቀየርም ስልኩን የሚለይ እርሱ ነው።

አንድ ተጠቃሚ፦

በእኛ ሰፈር የተደረገውን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስሙን ልጻፈውና ሕዝብ ይፍረድ?

አወያይ፦

አይጻፍ፤ ከተጻፈም ይነሣል። ስም በአደባባይ ሲወጣ ተጠርጣሪው ይሰወራል፣ ምስክሩ ይፈራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምስክር ሁሉ "ፌስቡክ ላይ አይተህ ነው" ይባላል። ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ደም ሊፈስ ይችላል። የምታውቀው ካለ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ስጥ፤ ለሕይወትህ የምትሰጋ ከሆነ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 እንዲታይልህ በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ።

ባለ መዝገቡ፦

አወያዩ ትክክል ነው። ስለ ደብዳቤው ልጨምር። ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ለቅሶውን፣ በደሉን ለሽማግሌ ንገሩት፤ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ እና አዲስ ነገር ምን እንዳለ ነው። አዲስ ነገር ማለት ያኔ ቃሉን ያልሰጠ ምስክር፣ ያኔ ፈርቶ አሁን ፍርሃቱ የወጣለት ምስክር፣ የተገኘ ዕቃ፣ ከስደት የተመለሰ ተጠርጣሪ ነው። "ፍትሕ ይሰጠን" ብቻ የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይገባል እንጂ ፋይል አያስከፍትም። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።

ምስክር ከሆናችሁ ደግሞ ያየኸውን "አየሁ"፣ የሰማኸውን "ሰማሁ" በል። ጸሐፊው ሁሉንም "ገደለው" ብሎ ሊያጠቃልለው ይችላልና ከመፈረምህ በፊት ይነበብልህ።

ሠናይ፦

ላብራቶሪ፣ የእናትየዋን ምራቅ ቤት ውስጥ መውሰድ ይቻላል? ክረምት ነው፣ ምንም አይደርቅም።

ላብራቶሪ፦

እህቴ፣ ለፍርድ ቤት የሚሆነው በጤና ባለሙያ ወይም በፖሊስ ፊት በርክክብ የተወሰደው ነው። እናትየዋ ሸምግለው ወይም ታምመው ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ግን ለመጠባበቂያ ይደረግ። ከመውሰዱ በፊት ግማሽ ሰዓት ምግብና ቡና አይቅመሱ፤ አፋቸውን በውሃ ይጉመጥመጡ። ከፋርማሲ የተገዛ ንጹሕ ጥጥ ያለው እንጨት ሁለት አዘጋጂ፤ ጓንት አድርጊ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጉንጭ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ 30 ሴኮንድ ያህል ገፋ እያደረግሽ አሽከርክሪው። ምራቁ ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈለገው ከግድግዳው የሚነሣው ነው።

ለማድረቅ እሳት ዳር አታቁሚው፣ ፀሐይም አያግኘው። በንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ጥጡን ወደ ላይ አድርገሽ፣ ሰው በማይበዛበት ክፍል አቁሚው፤ በክረምት ሙሉ ሌሊት ይፈጃል። ሲደርቅ እያንዳንዱን በየራሱ የወረቀት ፖስታ ክተቺ። ላዩ ላይ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት፣ ለሟች ምን እንደሆኑ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወሰደውን ሰውና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ጻፊ፤ ይህን ሁሉ ጥጡ ከመግባቱ በፊት ጻፊው። ፖስታውን በፕላስተር ዝጊ እንጂ በምላስ አርሰሽ አትለጥፊ፤ ያንቺ ምራቅ ከእርሳቸው ጋር ይቀላቀላል።